የጋሽ ኢያቄም መሳቢያ

«የእህቴ ልጅ ብዬ ባስጠጋኋት፣ ልጄን እንደ ቀማኛ መታወቂያ አስይዝ ትበልብኝ!» አሉ እትዬ አልጣሽ፣ ገና ወገግ ሲል፣ ከቺፑድ ግድግዳው ማዶ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸዋል። ቺፑድ ግን ምን ይሰውራል፤ እንኳን ወሬ የሆድ ጩኸት ያሳልፋል። የትናየት ፍራሿ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር፤ እጇ እዚያው ክሩ ላይ ቀረ። ደሳለ ሲመልስ ሰማችው፦ «ተይ እማዬ፣ ዛሬ ይዤላት እሄዳለሁ። ፊቷ ላይ ነው የምወረውርላት።» «ወርውርላት!» አሉ እናቱ፤ ከዚያ የሆነ ዕቃ አንስተው ቀስ አድርገው አስቀመጡ። ሌላው ሰው ሲናደድ ዕቃ ይወረውራል፤ እትዬ አልጣሽ ሲናደዱ ግን ዕቃውን እንደ እንቁላል ነው የሚያስቀምጡት። ያቺ ቀስ ማለት ናት የትናየትን የምታስፈራት።

ቤቱ ፔንሲዮን ነው፤ ነበር ማለት ይሻላል። ፊት ለፊት በር ያላቸው የእንግዳ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ውስጥ ሰፊ አልጋ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የላሊበላ መስቀል የተጠለፈበት መጋረጃ አለ። እንግዳ ግን የለም። ጦርነቱ አንዴ፣ ሌላው ችግር አንዴ እያለ ፈረንጁን ከመንገድ መለሰው። እትዬ አልጣሽ ግን እንግዳው ነገ ከአውሮፕላን የሚወርድ ይመስል በየቅዳሜው አንሶላ ያስቀይራሉ። ማንም ያልተኛበት አንሶላ ይነሣል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ተመልሶ ይነጠፋል። የልብስ ሳሙና ዋጋ ሰማይ በወጣበት ጊዜ! አጣቢዋ ደግሞ የትናየት ናት። ቤተሰቡ ራሱ ከጓሮ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተጨናንቆ ይተኛል፤ እናትና ልጅ በአንደኛዋ፣ የትናየት በሁለተኛዋ፣ ከትርፍ ፍራሾችና ከባዶ የቢራ ሳጥኖች ጋር። አንድ ጊዜ ብቻ «እትዬ፣ ከባዶዎቹ ክፍሎች በአንዱ ብተኛስ?» ብላ ነበር። እትዬ አልጣሽ አላዘኑባትም፣ አልተቆጧትም። «የእንግዳ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ፤ በቃ።

የትናየት የኩልመስክ ልጅ ናት። ኮሌጅ ገብታ የምትማረው የቤተ መጻሕፍት ሙያ ነው። ይህን ሲሰማ የኩልመስክ ሰው «መጽሐፍ መጠበቅም ይጠናል?» ብሎ ስቋል፤ እናቷም አብራ ስቃለች፣ ግን ልካታለች። የክፍሉን ትምህርት ጨርሳ የቀራት የተግባር ልምምዱ፣ ልጆቹ አፓረንት የሚሉት ነው። ላሊበላ ባለው ቤተ መጻሕፍት ተመድባ መጣች። ዛሬ ደግሞ መምህርቷ ፀደይ ከኮሌጅ መጥታ፣ ስትሠራ አይታ፣ አለፈች ወይም ወደቀች የምትልበት ቀን ነው። ካለፈች ትመረቃለች፤ ቤተ መጻሕፍቱም አንድ ሰው ሊቀጥር ነው እየተባለ ይወራል። ከወደቀች ያው ኩልመስክ ነው። ያው የእናቷ ደጃፍ፣ ያው «ተምራ ምን አመጣች» ነው።

ቁርስ ላይ ስለ መታወቂያ ማንም አላነሣም። እትዬ አልጣሽ ሻይ ቀዱ። «ሽንኩርት መቶ ሃያ ገባ አሉ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ደሳለ ዳቦውን እየገመሰ ስልኩን ያያል። «መቶ ሃያ!» አሉ እንደገና። የትናየት «ኧረ!» አለች። ከዚያ የሚሰማው የደሳለ ማኘክ ብቻ ሆነ። ደሳለ አስጎብኚ ነው። እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል፤ ሥራ ስለጠፋ ፈረንሳይኛ ልጨምርበት ብሎ ተነሥቷል፣ ፈረንሳዮቹ መምጣታቸው አይቀርም ባይ ነው። በከተማው ያለው አንድ የፈረንሳይኛ መማሪያ ደግሞ የሚገኘው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው፤ ከዚያ አይወጣም፣ መታወቂያ ያላስያዘም አይነካውም። ባለፈው ሳምንት ደሳለ ባዶ እጁን መጥቶ «ነይ እስኪ ያቺን መጽሐፍ» ቢላት፣ የትናየት ሰው በሞላበት «መታወቂያ» አለችው። የሚስቅ መስሏት ነበር። አልሳቀም፤ ዞሮ ወጣ።

ቤተ መጻሕፍቱን ያሠራው ደጉ ዘመን ላይ አንድ የጎብኚዎች ማኅበር ነው። በጥቁር ድንጋይ የተገነባ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ መስኮቱ ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ዋሻ የሚቀዘቅዝ። መጽሐፉ የበዛው በስጦታ የመጣ ነው፤ በረዶ ላይ መንሸራተት የሚያስተምር ሳይቀር አለ፣ እንግዲህ ለላስታ ሰው! ኃላፊው ጋሽ ኢያቄም ናቸው። ጋሽ ኢያቄም ድሮ የእህል ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበሩ፤ መጽሐፉንም እንደ ጤፍ ነው የሚጠብቁት፣ አይጥ እንዳይገባበት፣ ሰው እንዳይዘግነው። ኮሌጅ ውስጥ የተነገራት አንባቢው ራሱ መደርደሪያው ዘንድ ሄዶ፣ ገልጦ፣ መርጦ ይወስዳል ነው። ይህን ስትነግራቸው «ያ ኮሌጅ ነው» አሏት። እዚህ መደርደሪያው በገመድ ታጥሯል። አንባቢው የውሰት ጠረጴዛው ጋ ይቆማል፣ መታወቂያውን ያስይዛል፣ መጽሐፉን እሳቸው ያመጡለታል፤ አብዛኛውን ጊዜም የጠየቀውን ሳይሆን ቅርብ ያለውን። በልምምዱ ያስተማሯት መጥረግ፣ የመጻሕፍት ጀርባ ላይ ቁጥር መለጠፍና ውኃ መቅዳት ነው። ሌላም አንድ ነገር አስተምረዋታል፦ «አንቺ እዚህ አገር አክስት አለሽ፣ የአክስት ልጅ አለሽ። ይህ ሥራ ዘመድ አያውቅም። ዘመድ የሚያውቅ እጅ መጽሐፍ አይዝ!» ይህን ነገር የትናየት ወድዳው ነበር። በሕይወቷ ለማንም እኩል የሆነ ነገር ገጥሟት አያውቅም። የጋሽ ኢያቄም የሚስት ወንድም መጽሐፍ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ሲወጣ አይታለች፤ አይታ ግን ሥራዬ ብላ አላሰበችበትም።

የመሳቢያው ነገር ደግሞ የእሳቸው ፈጠራ ነው። ከዋንዛ አሠርተው፣ ከላይ በኩል ስንጥቅ አስከፍተውለታል፤ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት። መታወቂያው በስንጥቁ ይገባል፣ በስንጥቁ አይወጣም። የሚወጣው በቁልፍ ነው፤ ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም ጋሽ ኢያቄም አንገት ላይ ከማተባቸው ጋር ተቋጥሯል። ምሳ ሰዓትና ማታ ሊዘጉ ሲሉ አንገታቸውን ወደ መሳቢያው ዝቅ አድርገው፣ ሊሳለሙ እንደጎነበሰ ሰው ሆነው ይከፍቱታል። መጀመሪያ ሰሞን የትናየት ይህን ስታይ ሳቋን በነጠላዋ ነበር የምትሸፍነው።

በዚያን ቀን ጠዋት ጋሽ ኢያቄም ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። «ተዝካር አለብኝ፣ አሸተን መውጫው ላይ። ጠረጴዛው ያንቺ ነው። መምህርትሽ ከምሳ በኋላ ነው የምትመጣ፤ እኔም ያኔ እደርሳለሁ። እንደ ደንቡ ከሆንሽ መልካም ቃል እሰጥሻለሁ፤ ካልሆንሽ ደግሞ አንደበት አለኝ።» ወጡ። የትናየት ጠረጴዛው ኋላ ቆመች። የመጀመሪያ ቀኗ ነበር እዚያ ብቻዋን ስትቆም። አስጎብኚዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ገቡ፤ መታወቂያ ተቀበለች፣ በስንጥቁ ጣለች፣ መጽሐፍ አመጣች፣ የጠየቁትን መጽሐፍ። ደሳለም መጣ። እንዳለውም ፊቷ ላይ ባይሆን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ይኸው፣ ዳኛዬ። ፎቶው እኔን ይመስላል?»

«ይመስላል» አለች፣ ሳትስቅ።

«አይተሽ ነው? ምናልባት የሌላ የአክስትሽ ልጅ እንዳይሆን።»

የተቀመጡት ሳቁ። የትናየት ፊቷ ጋለ፤ ግን መታወቂያውን አነሣችና በስንጥቁ ጣለችው፤ ዋንዛው ላይ ሲወድቅ ጠቅ አለ። እውነቱን ለመናገር ያቺ ጠቅ ማለት ደስ አለቻት።

ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት ይዘጋል። አንባቢው መጽሐፉን መለሰና መታወቂያውን ጠየቀ። ያኔ ነው ነገሩ የገባት፤ ሌላ ቀን በምሳ ሰዓት ጋሽ ኢያቄም አንገታቸውን ይዘው እዚያው አሉ። «ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው» አለች፤ «ከምሳ በኋላ ይመጣሉ፣ ያኔ ውሰዱ።» አንጎራጎሩ፤ አንዱ «የራሳችንን ፊት አሳሰርሽን!» አለ፤ ግን ሆድ አይታገሥምና ወጡ። ደሳለ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ አያት። እሷም ተከትላው ለምሳ ቤት መሄድ ከበዳት፤ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ቆሎዋን ቆረጠመች፣ ለፀደይ የምትመልሰውን እያጠናች።

የእትዬ አልጣሽ ጎረቤት አሰለች ነጠላዋ መሬት እየጠረገ የመጣችው ያኔ ነው። አሰለች ባሏ የሞተባት፣ ወሬ ሳታሳምር የማትናገር ሴት ናት፤ በዚያን ቀን ግን አላሳመረችም።

«ደሳለን ይዘውታል! ገበያ መውጫው ላይ ፍተሻ ቆሟል። መታወቂያ የለህም አሉና መጋዘን አስገቡት፤ ከእናንተ ዘንድ አብረውት የወጡ ሌሎች ሁለትም አሉ። አክስትሽ በሩ ላይ ወድቃ ልጄ ነው፣ ወልጄው ነው ብትል፣ እሱ መታወቂያው ይናገር አሏት። መኪና ቆሟል፤ ሲሞላ ይጭኗቸዋል።»

«ወዴት?»

«ወዴት እንደሆነ የሚናገር ቢኖር አክስትሽ ትጮህ ነበር?»

የትናየት በሩን ቆለፈችና ሮጠች። የላሊበላ ቁልቁለትና ዳገት ለመሮጥ አልተሠራም፤ ጠጠሩ ከእግር ሥር ይሸሻል፣ ነፋሱ አፍ ውስጥ ይገባል። ከአሸተን ተራራ ሥር ዳስ ተጥሎ አየች። ካህናቱ ከውስጥ፣ ሕዝቡ ከደጅ፣ እንስራው ተደርድሯል። አንዲት ሴት ክንዷን ያዘቻት፤ «ሳትቀምሺ? ኧረ ነውር ነው፣ የሙት ነው!» አለቻትና ጉርሻ አፏ ላይ ደቀነችባት። ጎርሳ፣ ሳታላምጥ ውጣ፣ ጋሽ ኢያቄምን ፈለገች። መደቡ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጠላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ደሳለን ይዘውታል።»

«የቱ ደሳለ?»

«የአክስቴ ልጅ። መታወቂያው መሳቢያው ውስጥ ነው። ሌሎቹም የእኛ አንባቢዎች ናቸው።»

«እና ምን ያስሮጥሻል? እኔ ዘንድ የገባ ነገር ጠፍቶ ያውቃል?»

«እውነት ነው፣ ሚስቱም ከገባች አልወጣች!» አለ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰውዬ፤ መደቡ ሙሉ ሳቀ። ጋሽ ኢያቄምም ሳቁ።

«መኪናው ይነሣል ጋሼ። ይጭኗቸዋል።»

«አየሽ ልጄ፣ ቁልፉ ከማተቤ ጋር ነው የተቋጠረው። አንቺ ክርስቲያን ነሽ አይደል? በሰው ተዝካር፣ በካህናት ፊት፣ ማተቤን ልበጥስልሽ?»

«ይፍቱት እንጂ ይበጥሱት መቼ አልኩ?»

«የንስሐ አባቴ የቋጠሩትን እኔ እፈታለሁ?»

«እንግዲያው አንቱ ይምጡ። አብረን እንሂድ፣ እርስዎ ይክፈቱት።»

«ካህናቱ ሳይነሡ እኔ ልነሣ? ሟች ዘመዴ ነው። አስቀድሜ ተነሥቼ ልብሱን ልግፈፈው?» አሉና ጠላቸውን ጎንጨት አሉ። «ጸሎቱ ይድረስ፣ እመጣለሁ። መንግሥት ሰው አይበላ፤ ማታም ቢሆን ይፈቱታል።»

የትናየት ጎንበስ አለች፣ ሌላው እንዳይሰማ። «ጋሼ፣ መሳቢያውን ልስበረው? እኔው አሠራዋለሁ።»

ያኔ ሳቃቸው ጠፋ። «ንኪውና እይው» አሉ፣ እሳቸውም በሹክሹክታ። «መምህርትሽ ዛሬ ናት የምትመጣው። ለእሷ አንድ ቃል ይበቃታል።»

አንድ ሽማግሌ ቄስ ከዳሱ ውስጥ አንገታቸውን አስግገው «ልጅቱ ምን ሆነች?» ብለው ጠየቁ። «ምንም አይደል አባ» አሉ ጋሽ ኢያቄም፤ «ልምምድ ላይ ናት።»

ስትመለስ አልሮጠችም። መንገዱ ሙሉ እየሄደች ደሳለን ጠላችው፣ ስለወረወረው። እትዬ አልጣሽን ጠላች፣ ስለ አንሶላው። ራሷንም ጠላች፣ ስለዚያች ጠቅ ማለት። እናቷ ትዝ አለቻት፤ እናቷ ግን ምን ብትላት እንደምትወድ ማወቅ አቃታት፣ «አሳልፈሽው ተመረቂ» ትላት ይሆን ወይስ «የእህቴን ልጅ አድኚ»። ታላቁ መንገድ ላይ ስትደርስ ወደ መጋዘኑ ማዶ ተመለከተች። መኪናው ቆሟል፤ ከበሩ ላይ ነጭ ነጠላ ያደረገች ሴት መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ሩቅ ነው፣ ድምፅ አይሰማም። አሁንም አልሮጠችም፤ ብቻ እርምጃዋን ሰፋ አደረገች።

ቤተ መጻሕፍቱን ከፍታ ገባች፤ በሩን መልሳ ለመዝጋት አላሰበችም። መጽሐፍ እንዳይወድቅ የሚደገፍበትን ብረት አንሥታ ስንጥቁ ውስጥ ከተተችና ተጫነችው፤ ብረቱ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ። ዋንዛው አልተነቃነቀም። ጋሽ ኢያቄም ለራሳቸው የሚሆን ነገር ሲያሠሩ ያሠራሉ! ከጓዳው ከተሰበረው መደርደሪያ የተነቀለ የብረት እግር አመጣች። አንዴ መታችው፣ ሁለቴ መታችው፤ አዳራሹ ድምፁን እየመለሰ ይጮህባታል። ከዚያ ወዲያ አልቆጠረችውም። መጨረሻ ላይ ፊቱ ተሰንጥቆ መታወቂያዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ ሁሉም በጀርባቸው፣ በፊታቸው፣ እያዩዋት። የሁሉንም ለቀመች። ቀና ስትል መምህርት ፀደይ በሩ ላይ ቆማለች፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ጃንጥላዋን እንደዘረጋች።

«የትናየት? ምን እየሠራሽ ነው?»

«ይቆዩኝ፣ መምህር» አለችና በጎኗ አልፋት ወጣች።

መጋዘኑ በር ላይ ያለው ፈታሽ መታወቂያዎቹን እንደ ካርታ ዘርግቶ አያቸው። «ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሽው?» «ከቤተ መጻሕፍት።» «እናንተ ደግሞ መታወቂያ ነው እንዴ የምታበድሩት?» አለና ጓደኛውን አሳቀው። ከዚያ ስም ጠራ። ደሳለ ወጣ፤ ሌሎቹ ሁለትም ተከትለው ወጡ፣ ዓይናቸው ከፀሐዩ እየሸሸ። ሁለቱ «እግዜር ይስጥሽ» እንኳ ለማለት ጊዜ አልነበራቸውም፤ መታወቂያቸውን ነጥቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ደሳለ ሱሪውን አራገፈ። ጉልበቱ ላይ የዱቄት አቧራ ነበር፤ ያንን ብቻ ነው ያራገፈው፣ ደጋግሞ። እትዬ አልጣሽ ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙት፤ ከዚያ ወደ የትናየት ዞሩ።

«ያሳሰርሽውም አንቺ፣ ያስፈታሽውም አንቺ» አሉ። «ልመርቅሽ ወይስ ልርገምሽ?»

የትናየት ወደ ደሳለ ዞረች። «ደሳለ፣ ና» አለች፤ «ና አብረኸኝ፣ መምህርቷ ፊት የሆነውን ተናገርልኝ።» ደሳለ እናቱን አየ፣ መንገዱን አየ። «እሽ» አለ።

ሲደርሱ ጋሽ ኢያቄም ቀድመዋቸዋል። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከተሰበረው መሳቢያ አጠገብ እንደ ለቀስተኛ ቆመዋል። ፀደይ ወንበር ላይ ናት፤ ውኃ ያቀረበላት እንኳ የለም። ከምሳ የተመለሱ ጥቂት አንባቢዎች ግድግዳውን ተደግፈው ያያሉ። የትናየት የተረፉትን መታወቂያዎች ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይቺ ናት» አሉ ጋሽ ኢያቄም። «ቁልፉን ልስጥሽ፣ ትንሽ ታገሺ ብያት ነበር። ሥራ ቦታዋን ጥላ፣ በር ከፍታ፣ የሕዝብ ንብረት በብረት ቀጥቅጣ ሄደች። ሌባ ቢገባስ?»

«አልሰጥም ነው ያሉኝ!» አለች የትናየት። «ማተቤን አልፈታም ነው ያሉኝ። ሰዎቹ ሊጫኑ ነበር። ይኸው ደሳለ ይናገር።»

ፀደይ ወደ ደሳለ ዞረች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደክሟታል፣ የመንገዱ አቧራ ቅንድቧ ላይ ተቀምጧል። «ታስረህ ነበር?» አለችው።

ያ ሁሉ ጊዜ ጋሽ ኢያቄም ጸጥታ እያሉ ሲጮኹ ያልመጣው ጸጥታ ያኔ መጣ። ደሳለ ግድግዳው ላይ የተደገፉትን የሙያ ጓደኞቹን አየ፤ ጋሽ ኢያቄምን አየ።

«ማን፣ እኔ?» አለ። «ማን አሰረኝ? ከልጆቹ ጋር ቆሜ ሳወራ ነው የቆየሁት። መታወቂያ ይዛ ስትመጣ ገረመኝ።»

ከግድግዳው በኩል አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ፤ የትናየት ይናገራል ብላ ዞረች። ማንም አልተናገረም። ያወጣቻቸው ሁለቱ እዚያ አልነበሩም፤ ቢኖሩም ያው ነበር ይሆናል።

«እኔ የምጽፈው ዓይኔ ያየውን ነው» አለች ፀደይ፣ ቀስ ብላ። «ስመጣ በሩ ክፍት ነው፣ አንቺ ንብረት ትሰብሪያለሽ፣ ስጠይቅሽም ሳትመልሺ ሄድሽ። ምን ብዬ ላሳልፍሽ? ልምምዱን በሚመጣው ዓመት እንደገና ትወጪያለሽ፤ የሚቀበልሽ ቦታ ከተገኘ።» ተነሣች፣ ጃንጥላዋን አነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች፤ «ለምን አልጠበቅሽም፣ አንቺ ልጅ?» አለች፣ የምር የምትጠይቅ በሚመስል ድምፅ፤ መልሱን ግን አልጠበቀችም።

ጋሽ ኢያቄም ገመዱን ተሻግረው ወደ መደርደሪያው ገቡ። የፈረንሳይኛውን መማሪያ ይዘው ወጡ፤ አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ለደሳለ ሰጡት። «ቤትህ ይዘኸው ሂድ፣ ልጄ። እዚህማ ዛሬ በምን ጸጥታ ታነባለህ» አሉት። መታወቂያ አልጠየቁትም።

የትናየት ቤት የገባችው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። እስከዚያ የት እንደቆየች ራሷም በቅጡ አታውቅም፤ ከገበያው ወደ መናኸሪያው፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሄዳለች። ልብሷ በሙሉ ታጥፎ፣ ሻንጣዋ ተሞልቶ በሩ ሥር ቆሟል፤ ከላዩ ላይ በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ አለ። ልብሱ የታጠፈው እንደ እንግዳ አንሶላ ነው፣ ጠርዝ በጠርዝ።

«ነገ ጠዋት መኪና አለ» አሉ እትዬ አልጣሽ። ፊታቸው ወደ እሷ አይደለም። «ለመንገድ የምትበይው ቋጥሬልሻለሁ። እናትሽ አንድ ነገር አስቀረችብኝ እንዳትል፣ ሁሉንም ከትቼዋለሁ።»

«እትዬ፣ ደሳለ አልታሰርኩም አለ። አንቱ እዚያ በር ላይ ወድቀው አልነበር?»

እትዬ አልጣሽ ጎንበስ ብለው የዳቦውን ቋጠሮ አጠበቁት፤ ጠብቆ ነበር፣ ደግመው አጠበቁት። «የአስጎብኚ ፈቃዱ ሊታደስለት ነው» አሉ። «ታስሮ ነበር ከተባለ ማን ያሳድስለታል? እኔስ እነዚህን ክፍሎች በማን ላስሞላ? አንቺ ልጅ ነሽ፣ ዘንድሮ ባይሆን ከርሞ ትማሪያለሽ። እሱ ግን አለቀለት ማለት ነው።» ቀና አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ አዩዋት። «እናት ብትሆኚ ይገባሽ ነበር።»

ከውስጥ የደሳለ ድምፅ ይሰማል፤ አልጋው ላይ ተጋድሞ የፈረንሳይኛውን መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነባል። እንደምን አደሩ፣ ስንት ናችሁ፣ በዚህ በኩል ግቡ፣ ሻንጣዎን እኔ ልያዝልዎ። አንዱን ሐረግ ሲስተው ይመለሳል፤ እንደገና ይጀምራል። የደጁ ብርድ ወደ ውስጥ እየገባ የመብራቱን ሽቦ ያወዛውዛል።

«በሩን ዝጉት እንጂ!» አለ ደሳለ፣ ከመጽሐፉ ዓይኑን ሳያነሣ። «ብርድ አስገባችሁብኝ!»

እትዬ አልጣሽ እጃቸው ወደ በሩ አልሄደም። የትናየት ሻንጣዋን አነሣች፤ ዳቦውን አንሥታ መደቡ ላይ አኖረችው፣ ቀስ አድርጋ። ወጣችና በሩን ከውጭ ዘጋችው። የጎረቤት አጥር ተሻግራ የአሰለችን በር መታች።

አሰለች መብራት ይዛ ከፈተች። ሻንጣውን አየች፣ ልጅቱን አየች። «ውይ ልጄ! ምን አባሽ አወጣሽ በዚህ ብርድ?»

«እነሱ ቤት ብርድ እንዳላስገባባቸው ብዬ ነው እትዬ» አለች የትናየት፤ «ሊያሳድሩኝ ይችላሉ?»

«መታወቂያ ካላስያዝሽ አይሆንም» አለች አሰለች ልታስቃት። የትናየት ግን ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ፣ ኪሷን ፈትሻ፣ መታወቂያዋን አውጥታ ዘረጋችላት።